ደረሳችሁ፣ ያውላችሁ!

በምዕራብ ጎጃም ገጠር «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ በሰዓት የሚመልስለት አያገኝም። ኪሎ ሜትርማ ጨርሶ አይነሣም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ደረሳችሁ!» መላሹ ቀጥሎ አገጩን ወደ ጋራው ቀና ያደርግና «ያውላችሁ» ይላል። በአገጩ የሚጠቁመው እጁ ስላልተፈታ ነው። አንዱ ዱላ ይዟል፤ ሌላው ጋቢው እንዳይወርድ ይጠብቃል።

ነገሩ የገባው ሰው ቃሉን ትቶ ርዝመቱን ያዳምጣል። ፈጠን ያለ «ያውላችሁ» ከሆነ ቦታው ከዚያ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነው። «ያ» ላይ ጥቂት ከቆየበት መሐል ላይ የሚሻገሩት ወንዝ አለ። «ያ…» ብሎ ድምፁን እያቀጠነ ሽቅብ ከሰቀለውና ትንፋሹ እስኪያልቅ ከጎተተው ግን ስንቅ ያልያዘ ሰው ከዚያው ቢመለስ ይሻለዋል። ይህን ልክ ከመራዊ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለ እረኛ ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ከተሜው ግን «ያ»ውን አይሰማም። የሚሰማው «ደረሳችሁ»ን ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ጠይቆ ያንኑ «ደረሳችሁ» ሲሰማ ይናደዳል።

ንዴቱ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄዷል፤ ከተሜው ጋራ መውጣት ጀምሯላ!

ስሙ «ሃይኪንግ» ነው። በሥራ ቀን ከመናኸሪያ እስከ ቢሮው ያለችውን መንገድ ያለ ባጃጅ የማይሄድ ሰው፣ እሑድ ሲሆን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ጫማውን አሥሮ፣ ውሃውን በፌስታል አንጠልጥሎ ከጓደኞቹ ጋር ይወጣል። ባሕር ዳር ላይ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚወጣው ሰው ማለዳ ማለዳ ቀላል አይደለም። ኮረብታው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው፤ ከላዩ ሆነው ሲያዩ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ይታያል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ደግሞ ለእግረኛው ሌላ ፈተና ሆኖበታል። ፎቶ ለመነሣት ድልድዩ ላይ የሚቆመው ቡድን ኮረብታው ሥር ሳይደርስ ፀሐይ ትከርርበታለች።

መራዊ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አዲስ አበባ በሚያደርሰው አስፋልት ላይ ሜዳ ይዛ የተቀመጠች ከተማ ናት። ኮብልስቶኑ ሲያልቅ ከተማው ቶሎ አያልቅም። መጀመሪያ በግማሽ የተሠሩ ቤቶች ይመጣሉ፤ ከዚያ የቆርቆሮ አጥር፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። ያካባቢው ገበሬ እህል ከመዝራት ባሕር ዛፍ መትከል እንደሚያዋጣው ካወቀ ቆይቷል። ከዛፉ ወዲያ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የኮጋ መስኖ ሜዳ ይዘረጋል። በታኅሣሥና በጥር ሌላው አገር ገለባ ሲመስል እዚህ ስንዴውና ሽንኩርቱ አረንጓዴ ነው። ጋራ የሚሻ ሰው ይህን ሁሉ አቋርጦ የኮጋ ወንዝ ወደሚመነጭበት ደጋ ፊቱን ማዞር አለበት። ታዲያ ገና ከሜዳው ሳይወጣ አንድ ሽማግሌ ቦይ ዳር ቆመው ያገኙታል። ንግግሩ በየትኛውም ጋራ ሥር ይሁን ብዙ አይለያይም።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደሩ አባቴ?»

«በጠዋቱ ይኼን ያህል ሰው ወዴት ነው? ሰው ሞቷል እንዴ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም።»

«ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ከብትም የለን።»

ይህ ሁለተኛው መልስ ሽማግሌውን ከመጀመሪያው በላይ ያሳዝናቸዋል። ይህን ያህል ጎልማሳ ያለ አንድ በሬ!

«ታዲያ ጋራውን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ወጥተን ልንወርድ ነው አባቴ። ለጤና ነው።»

«እግዚአብሔር ይማራችሁ» ይላሉ ሽማግሌው ከልባቸው። ጥቂት አስበውም «ጸበል ከሆነ የምትሹት በዚህ አይደለም» ብለው መንገድ ያቃናሉ።

ብርዱን ሳያነሡ የከተሜዎቹን ጉዞ ማውራት አይቻልም። በእኛ ደጋ ጥርስ የሚያንገጫግጨው ብርድ የሚመጣው በበጋው መሐል፣ ሰማዩ ጠርቶ ደመና በጠፋበት በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው። መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት የሚሸፍንለት ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ሲበትነው ያድራል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይገኛል። ከተሜው ይህን ስለሚያውቅ ደራርቦ ይለብሳል፤ ሹራብ በሹራብ፣ ጃኬት በላይ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ከጎኑ የሚያልፈው ገበሬ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ ከታች ግን ቁምጣ ነው፤ ጉልበቱ ለውርጩ የተሰጠ ነው። የጎጃም ሰው ብርድ የሚሰማው ከወገቡ በላይ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ ሁለት ዘንግ ያህል ስትወጣ ከተሜው ልብሱን አንድ በአንድ ያወልቅና የሚሸከመው ያጣል። ገበሬው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቀጥላል።

ብርዱን ያልቻለው ግመል ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኡም ኢድላ በኩል የሱዳንን ድንበር ተሻገሩ። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቅና ጥይቱን በሺህ በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ጭኖ በበላያ ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ። ዳገቱ፣ ብርዱና የማያውቁት ሣር ግመሎቹን ፈጃቸው፤ አብዛኞቹ አልቀዋል። ሰዎቹ ግን ደረሱ። ቡሬ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር ከመጣበት ጦር በቁጥር ብዙ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ሳለ በየካቲት 1933 መጨረሻ ምሽጉን ጥሎ ወደ ደምበጫ ሸሸ። የመጣበት ጦር ከእሱ የሚበልጥ መስሎት ነበር። ያገሩን ሰው «ስንት ናቸው?» ብሎ ጠይቆ ከሆነ አይፈረድበትም። መንገድ የሚያሳጥር ሕዝብ ቁጥር ሲያበዛ ለጋስ ነው፤ «ኧረ እልፍ ናቸው!»

የጎጃምን ጋራ በቡድን ከወጡት እንግዶች ሁሉ ግን ብዙ የተወራለት ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 የሚበልጥ፣ ራሱንም ዝቅ አድርጎ የማያይ ሰው ነበር። የዓባይን ምንጭ ላገኝ ብሎ ጎንደር ድረስ መጥቶ፣ ከራስ ሚካኤል ስሑል ቤተ መንግሥት ተወዳጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1770 መገባደጃ ምንጩ ወዳለበት ወደ ሰከላ ወረደ። የዳሞትና የአገው ገዥ ፋሲል ሁለት ነገር ሰጠው። አንደኛው የራሱ ፈረስ ነው። ፈረሱ ግን የሚጋለብ አልነበረም፤ ተጭኖና ተለጉሞ ከፊት ከፊት ይነዳል፤ ያገሩ ሰው የጌታውን ፈረስ ሲያይ እንግዳውን አይነካም። ፈረስ የሆነ የይለፍ ወረቀት!

ሁለተኛው ወልዶ የሚባል መንገድ መሪ ነው። ወልዶ የዛሬ ቡድን መሪዎች ሁሉ አያት ሳይሆን አይቀርም። የመጨረሻው ጋራ ላይ ሲደርሱ፣ ምንጩ ከወዲያኛው ቁልቁለት ሥር ሆኖ ሳለ፣ «አመመኝ፣ መሄድ አልቻልኩም» ብሎ ቀረ። ብሩስ ሐኪም ነኝ ባይም ስለነበረ ጠጋ ብሎ ቢያየው በሽታ የሚባል ነገር የለበትም። በኋላ ነገሩ ወጣ፤ ወልዶ ዓይኑን የጣለው ብሩስ ወገቡ ላይ በታጠቀው ቀይ የሐር መቀነት ላይ ነበር። ፈረስ ዳገት ላይ ገብስ ቢያበሉት አይረባውም ይባላል፤ ወልዶን ግን ዳገት ላይ የተሰጠው መቀነት ወዲያው ፈወሰው። ተነሥቶ ጋራው ጫፍ ላይ ወጣና ከታች ረግረጉ መሐል ያለችውን የሣር ጉብታ አሳየ። በዚያ ቀን «ያውልህ»ው አጭር ነበር፤ ቦታው 200 ሜትር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ወልዶ አንድ ነገር አስጠንቅቆታል። ያገሩ ሰው ምንጩን ስለሚያከብር ጫማውን እንዲያወልቅ። ብሩስ ጫማውን ወርውሮ፣ መቀነቱ የተፈታበትን ልብስ እያንዘላዘለ ቁልቁል ሮጠ። ቁልቁለቱ በአበባ ተሸፍኖ ነበር፤ የአበባው ሥር ደግሞ ከመሬት በላይ የወጣና ሲረግጡት ቅርፊቱ የሚላጥ። ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ምንጩ ጋ ደርሶም በኮኮናት ቅርፊት ውሃ ቀዳና ከግሪካዊ ጓደኛው ጋር ለእንግሊዙ ንጉሥ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ፤ ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪንም ጠጣ፤ ማርያ ለምትባል ሴትም ጠጣ። ይህንን ሁሉ ራሱ ነው አገሩ ገብቶ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው። መውደቁን አልደበቀም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ያላመነው ሌላ ነገር ነው። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ያንኑ ምንጭ በሚያዝያ 1618 እ.ኤ.አ. አይቶት ነበር። ብሩስ 150 ዓመት ተቀድሞ ሳለ እስኪሞት ድረስ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» አለ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም። የሰከላ ሰው ደግሞ ሁለቱም ሳይመጡ ከምንጩ ሲቀዳ ኖሯል፤ ለማንም ጤና አልጠጣም እንጂ።

ከብሩስ አገር ጎረቤት የመጣ ሌላ ታሪክ አለ። ለጎጃም ገበሬ ቢነግሩት የማያምነው ይህንን ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር የማንቸስተርና የአካባቢዋ የፋብሪካ ወጣቶች፣ 400 ያህል ሆነው፣ ኪንደር ስካውት ወደሚባል ጋራ በእግር ወጡ። ጋራው የባለርስቶች የአደን ቦታ ስለነበረ ጠባቂዎች ከለከሏቸው፤ ተገፋፉ፤ አምስት ወጣቶች ታሰሩ። የ20 ዓመቱ መሪያቸው ቤኒ ሮትማን አራት ወር ተፈረደበት። ጋራ ወጥቶ መታሰር! ሽማግሌው ይህን ቢሰሙ «ታዲያ በሬ ጠፍቶብን ነው ብለው አይምሉም ኖሯል?» ሳይሉ አይቀሩም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ የእንጦጦ ብርድ አንገሽግሿቸው ወደ ፍል ውሃው ወረዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማው የተፈጠረው፣ በአጭሩ፣ ከጋራው ብርድ የሸሹ ሰዎች ስለወረዱ ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ቅዳሜ ማለዳ በሽሮ ሜዳ በኩል ያንኑ ጋራ ይወጣሉ፤ ለዚያውም ከፍለው። ትራንስፖርት፣ ውሃ፣ ምሳና ፎቶ ያካትታል ይባላል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህማ የሚወጣው ሰው ቁጥር ጨምሯል። ሲወጡ ከላይ የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሟቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ ከ30 ኪሎ የማያንስ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አለ። ጤና ፍለጋ አንድ ሊትር ውሃ ተሸክሞ የሚያለከልከው ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። ይህን ትዕይንት ፎቶ የሚያነሣ አለ። የሚያግዝ ግን ብዙ አይታይም።

ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው በገበያ ቀን ነው። ከተሜዎቹ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመው ስልካቸው ስንት እርምጃ እንደቆጠረ ሲተያዩ፣ ከኋላ አንዲት እናት በርበሬ የሞላ ኬሻ አዝለው፣ ዶሮ በብብታቸው ይዘው፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ አድርገው ይደርሱባቸዋል። አይቆሙም። «በርቱ ልጆቼ፣ አይዟችሁ!» ብለው ያልፋሉ። ከዶሮዋ በቀር ዞሮ የሚያይ የለም። ከቡድኑ አንዱ «እማማ፣ ሩቅ ነው?» ብሎ ከኋላቸው ይጮኻል። መልሱ ይታወቃል።

ቡድኑ ራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። በየትኛውም ከተማ ቢሰባሰብ ያው ሰዎች ናቸው የሚመጡት። አስተባባሪው አለ፤ ሥራው መቁጠር ነው። ሲነሡ ይቆጥራል፣ ወንዝ ሲሻገሩ ይቆጥራል፣ እረፍት ላይ ይቆጥራል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጎድለዋል፤ ራሱን ስለማይቆጥር ነው። ፈጣኑ አለ፤ ከፊት ቀድሞ ጋራው ላይ ይወጣና ሌሎቹ ሲደርሱ «በሉ እንሂድ» ብሎ ይነሣል፤ የሱ እረፍት የሌሎቹን እረፍት ይበላዋል። ወደ ኋላ የሚቀሩት ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ዳገቱ ሥር እስኪሰለች ይደግሙታል። አዲስ ጫማ ያደረገችው ከግማሽ መንገድ በኋላ በካልሲ ትሄዳለች። ድፎ ዳቦ ይዛ የመጣችው ልጅ ካልሆነች በቀር የሚጠበቅ ሰው የለም፤ እሷን ግን ሁሉም ይጠብቃል። ቦርሳዋን የሚይዝላት ሞልቷል።

በእውነት የሚጠፋም አለ። የገጠር ጠላ ቤት ምልክቷ አንድ ዘንግና ዘንጉ ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። ከተሜው መንገድ ሲጠፋበት እንኳ ያችን ዘንግ አይስታትም። አስተባባሪው ቆጥሮ ቆጥሮ ሲደክመው የጎደለው ሰው ሁለተኛ ጣሳውን ይዞ፣ ከባለቤቲቱ ጋር ስለ በቆሎ ዋጋ ሲጫወት ይገኛል። ደምበጫ ድረስ ሳይሄድ የደምበጫ አረቄ የቀመሰ ጊዜ ነገሩ የከፋ ይሆናል። ሌሎቹ ጫፉ ላይ ወጥተው ወርደው ያገኙታል። የሚያናድደው፣ ከሁሉም ይልቅ ስለ ጋራው የሚያወራው እሱ መሆኑ ነው።

እንግዲህ «ደረሳችሁ» ውሸት ነው ወይስ አይደለም?

መራዊ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥያቄው ራሱ ይገርማቸዋል። መንገድ የጀመረን ሰው «ሩቅ ነው» ማለት ክፉ ምላስ ነው። መንገዱን አያሳጥረውም፤ ጉልበቱን ግን ያሳጥረዋል። ከዚያም በላይ መላሹ በራሱ እግር ነው የሚለካው። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ሲመላለስ፣ ጎልምሶ ገበያ ጤፍ ጭኖ ሲወርድ፣ ለልቅሶና ለሠርግ ሲሄድ ያን ዳገት ከቁጥር በላይ ወጥቶታል። ለእሱ በእውነት ቅርብ ነው። ጠያቂው ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ፣ ስንት ፎቶ እንደሚነሣ ከየት አውቆ ያስላው?

በዚያ ላይ ማንም ብቻውን ስለማይሄድ መንገድ በጨዋታ ያልቃል። በገበያ ቀን ሰው ከየደጃፉ እየተጠራራ ነው የሚወጣው። ብቻውን ሲሄድ የታየ ሰው «ምነው ብቻህን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም እስኪሰማ ይጠረጠራል። የሃዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው የማንኩሳንና የዙሪያዋን ሰው እግር ያስታውሳል። ማንኩሳ እዚሁ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መሐል ናት። ከመጽሐፉ ሰዎች አንዳቸውም ኪሎ ሜትር ቆጥረው አያውቁም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ግን ከተሜው ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። መንገዱ በእውነት ሩቅ ሲሆን፣ ጀንበር ልትጠልቅ ሲል፣ ጅብ ያለበት ገደል ከፊት ሲኖር፣ የጎጃም ገበሬ «ደረሳችሁ» አይልም። «ሩቅ ነው»ም አይልም። የሚለው «ከዚሁ እደሩ» ነው። ርቀቱን የሚናገረው በግብዣ ነው። እግር የሚታጠቡበት ውሃ ይመጣል፣ መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፋል፣ የእግዜር እንግዳ ሆነው ያድራሉ። እንግዲህ ባገሩ ያለው ርቀት ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ደረሳችሁ እና እደሩ። ከተሜው በመጀመሪያው ሲናደድ ሁለተኛውን ሳይሰማ ወደ መኪናው ይመለሳል።

እውነተኞቹን የጋራ መንገደኞች ማየት የሚሻ ሰው ጥር 13 ቀን ወደ ሰከላ ቢወጣ ያገኛቸዋል። የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ነው። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወንዙ ሳያረጥብ መለሰላቸው ይባላል። ምእመናኑ ከጎጃም አራት ማዕዘን በቡድን በቡድን ሆነው ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ባዶ እግሩን፣ ብዙው ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ። ምንጩ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል ከ2700 ሜትር በላይ ነው፤ ጥር ላይ ማለዳው ጣት ያደነዝዛል። መንገዱ ላይ ሽማግሌዎች አሉ፣ ዓይነ ሥውራን በልጅ እጅ ተይዘው ይወጣሉ፣ እናቶች ሕፃን አዝለው ይወጣሉ። ማንም አይቆጥራቸውም። ከእነሱ መሐል «ለጤና ነው» የሚል ከተገኘ ሽማግሌው ይገባቸዋል፤ መቼም ጸበል ሊጠመቅ የሚሄድ ሰው ለጤናው ነው።

ከመራዊና ከባሕር ዳር በሚኒባስ የሚመጡት ወጣቶችም በዚያው ሰልፍ ውስጥ ይገባሉ። መጀመሪያ ላይ በጃኬታቸውና በጫማቸው ይለያሉ። ጸበሉ ጋ ሁሉም ጫማውን ሲያወልቅ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ብሩስም እዚያው ነበር ያወለቀው። ከዚያ በኋላ የሰከላ ድንች ይቀቀላል፣ ሚጥሚጣ ይቀርባል፣ የቡድኑ አስተባባሪ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ይጎድላል።

መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደዚያ ለመሄድ የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ቁርስ ሳይበላ ይውጣ፤ ወደ ጸበሉ በልተው አይቀርቡም። ጀሪካኑን ከቤቱ ይያዝ፤ በበዓል ቀን እዚያ ውድ ነው። ጋቢ አይርሳ። መንገድ ሲጠይቅ የሚሰጡትን መልስ አይከራከር፤ «ያ»ው ላይ ግን ጆሮውን ይጣል። «እደሩ» ካሉት ደግሞ ይደር፤ ገና ግማሹን አልሄደም።